ጥይቱን የሚያውቅ ልጅ ስልክ ላይ ሲተኩስ

ከአላማጣ ወደ ቆቦ የሚወስደው አስፋልት የዋጃን ከተማ መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ያልፋል። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ የደጋው ግድግዳ፣ በመሃል ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት ሰፊ ሜዳ። ከሰዓት በኋላ የቆላው ፀሐይ ሲበረታ ልጆች የሱቅ ጥላ ፈልገው ይሰበሰባሉ። አንድ ስልክ ለአራት፣ ለአምስት። አንዱ ይጫወታል፤ የቀሩት ትከሻው ላይ ተደፍተው ያዋጉታል። «ከኋላህ! ከኋላህ ነው!» «ጣሪያው ላይ አለልህ!» ከስልኩ የሚወጣውን ተኩስ አልፎ አልፎ የሚያልፍ የጭነት መኪና ድምፅ ይውጠዋል። መንገደኛው ትልቅ ሰው ቆም ብሎ ያይና ራሱን ይነቀንቃል። ይሄ ጌም ልጆቹን አበላሻቸው ብሎ ይሄዳል።

ይህ ፍርድ የመንገደኛ ብቻ አይደለም። በሬዲዮ ውይይት፣ በቴሌቪዥን የቤተሰብ ፕሮግራም፣ በጋዜጣ ዓምድ ደጋግመን የምንሰማውና የምናነበው ነው። ልጆች ጠበኛ የሆኑት፣ የወላጅ ቃል የማይገዛቸው፣ ደም ሲያዩ የማይደነግጡት በጌም ምክንያት ነው ይባላል። ሥጋቱን አልንቀውም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሰው በጥይት እየጣለ ነጥብ ሲቆጥር ማየት እኔንም ያመኛል። ሆኖም ይህን ክስ ዋጃ ላይ ቆሞ መናገር አንድ ነገር ይጠይቃል፤ እነዚህን ልጆች ከተኩስ ጋር ያስተዋወቃቸው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅን።

ዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው የዚህ አካባቢ ልጅ፣ ነሐሴ 18 ቀን 2014 ውጊያው በቆቦ አቅጣጫ እንደገና ሲቀሰቀስ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከዚያ በፊት ጥቅምት 2013 ላይ የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር፣ በ2013 ክረምት ግንባሩ ወደ ደቡብ ሲወርድ፣ ከዚያም ሲመለስ፣ ይኸው አስፋልት ታንክም ተፈናቃይም ሲያመላልስ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ ዋጃ የምትገኝበት የራያ ቆላ ከአንድ ጊዜ በላይ ከእጅ ወደ እጅ ተገላብጧል። ልጁ ክላሹን ከብሬን፣ ብሬኑን ከዲሽቃ በድምፁ ይለያል። ይህን ያስተማረው ስልክ አይደለም። ከስምምነቱም በኋላ ቢሆን ያልፈነዳ ፈንጂ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ልጆች ገድሏል፤ እግርና እጅ አሳጥቷል። ከብት ሲጠብቅ ያገኘውን ብረት መጫወቻ መስሎት የነካ ልጅ የሚጎዳበት አገር ላይ ነው ስለ ሐሰተኛ ጥይት አደጋ የምንጽፈው።

ጌሙ ራሱ እንዴት እዚህ እንደደረሰ መናገር ያስፈልጋል፤ ኃላፊነቱን የምናገኘው በመንገዱ ላይ ነውና። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ እንደ ፓብጂ ያሉ በኢንተርኔት ብቻ የሚሠሩ ጨዋታዎች አብረው ቆሙ። ልጆቹ ግን አልቆሙም። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ጨዋታ ሞልቷል፤ ከስልክ ወደ ስልክ በዜንደር መተግበሪያ ይተላለፋል፤ በሞባይል ቤት በጥቂት ብር ይጫናል። ከእነዚህ አንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ነው። መኪና መንጠቅ፣ ፖሊስ መግደል፣ መንገደኛ መደብደብ ያለበት ጨዋታ ነው። ሠሪዎቹ ለአዋቂ እንደሆነ ያውቃሉ፤ በአውሮፓ 18፣ በአሜሪካ 17 ዓመት የሚል ምልክት ተለጥፎበት ነው የሚሸጠው። ፓብጂ ሞባይልም በአውሮፓ ምደባ ለ16 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። ያ ቁጥር የሚገኘው ሳጥኑ ላይ ወይም ማውረጃው ገጽ ላይ ነው። ዋጃ ሳጥኑም ገጹም አይደርስም። የሚደርሰው ፋይሉ ብቻ ነው፤ ፋይል ደግሞ ዕድሜ አይጠይቅም።

እነዚያ ቁጥሮች የመጡት በክርክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ዴዝ ሬስ የሚባል፣ በመኪና የሰው ቅርጽ እየገጩ ነጥብ የሚሰበሰብበት የሳንቲም ማሽን አሜሪካ ውስጥ ጩኸት አስነሳ። በ1993 ሴናተር ጆ ሊበርማንና ሴናተር ኸርብ ኮል ስለ ሞርታል ኮምባትና ናይት ትራፕ በምክር ቤት አቤቱታ ሰሙ፤ አምራቾቹ መንግሥት ሳይቀድማቸው በ1994 የራሳቸውን የዕድሜ መመደቢያ አቋቋሙ። አውሮፓም በ2003 የራሱን ዘረጋ። የጩኸቱ ትክክለኛ ፍሬ ይህ ነበር፤ ለወላጅ የሚነበብ ቁጥር ተሰጠው።

የጩኸቱ ሌላው ገጽታ ግን ለእኛ ጋዜጠኞች ትምህርት ሊሆን የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 16 ቀን 2007 አሜሪካ ውስጥ በቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ 32 ሰው ገደለ። የሟቾቹ ስም ገና ተሰብስቦ ሳያልቅ ጃክ ቶምፕሰን የሚባል ጠበቃ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ጥፋቱን በጌም ላይ አሳበበ፤ ጣቢያዎቹም ተቀበሉት። በኋላ የግዛቱ አጣሪ ቡድን ሲመረምር ገዳዩ የተኩስ ጌም ሱሰኛ ሆኖ አልተገኘም፤ በልጅነቱ ይጫወት የነበረው ሶኒክ የሚባለውን የሕፃናት ጨዋታ ነበር። በአንጻሩ በአእምሮ ሕመም የፍርድ ቤት ትእዛዝ የነበረበት ሰው መሣሪያ በሕጋዊ ሱቅ መግዛቱ ተረጋገጠ። በመጀመሪያው ቀን ስለ ጌም የሰማ ተመልካች ከወራት በኋላ የወጣውን ሪፖርት አላነበበም። እዚያው አሜሪካ በሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት በተፈጸመው ግድያም ተመሳሳይ ነገር ሆነ፤ ምርመራው ሲወጣ ገዳዩ የተኩስ ጌም ቢኖረውም ብዙ ሰዓት ያሳለፈው በሙዚቃ እግር የሚያስረግጥ የዳንስ ማሽን ላይ ነበር።

ሳይንሱስ ምን ይላል? የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መግለጫ በጠብ የተሞላ ጌም እንደ መጮህና መገፍተር ካለ ጠባይ ጋር ትንሽ ግን የሚታይ ዝምድና እንዳለው ገልጾ፣ ለነፍስ ግድያና ለከባድ ወንጀል መንስኤ ለማለት ግን በቂ ማስረጃ የለም ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2019 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች አንድ ሺህ ገደማ የ14 እና የ15 ዓመት የብሪታንያ ልጆችን አጥንተው በተጫወቱት ጌምና ወላጆቻቸው በመሰከሩት ጠበኝነት መካከል ግንኙነት አላገኙም። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ የጌም ሱስን እንደ ሕመም መዝግቧል፤ ምዝገባው እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ይሠራል። ልብ በሉ፤ የተመዘገበው ሕመም መግደል ሳይሆን ማቆም አለመቻል ነው። እነዚህ ጥናቶች በሩቅ አገር ሳሎን ተቀምጠው ስለሚጫወቱ ልጆች ናቸው። የዋጃን ልጅ የጠየቀ የለም። ጦርነት ያየ ልጅ ጦርነትን ደጋግሞ እንደሚጫወት ግን ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቃል። ያኔ ማድረግ ያልቻለውን አሁን ያደርጋል፤ ያኔ ከእናቱ ጋር ማሽላ ውስጥ ተደብቆ የነበረው አሁን ስልኩ ላይ ጣሪያ ይይዛል፤ ቢሞት እንኳ እንደገና ይጀምራል። ይህ ይጎዳዋል ወይስ ያስተነፍሰዋል የሚለውን መለየት የባለሙያ ሥራ ነው። እኛ የጎደለን ባለሙያው ነው።

ጦርነት አልፎባቸው ጌም ያገዱ አገሮች አሉ። የኢራቅ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2019 ፓብጂን አገደ። ከአይኤስ ጋር ሞሱል ላይ የተደረገው ውጊያ ካበቃ ገና ሁለት ዓመት አልሞላም ነበር። በዚያው ወር ኔፓል ብታግደውም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እገዳውን አስቆመ። በሕንድ ጉጃራት ግዛት ደግሞ ፖሊስ ስልካቸው ላይ ሲጫወቱ የተገኙ ተማሪዎችን አሰረ። ተማሪ ጌም ስለተጫወተ ማሰር! ትልልቆቹ ለሠሩት ጥፋት ትንሹን መቅጣት ቀላል መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

እኛም አዲስ የመጣውን መስኮት መክሰስ ልማዳችን ነው። ትናንት የክስ ተራው የቪዲዮ ቤቶች ነበር፤ በጭለማ ክፍል የራምቦን ፊልም በሳንቲም የሚያሳዩት። በ2008 ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ተከታታይ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር ደግሞ ቤተሰብ ሊፈርስ ነው፣ ባህል ሊጠፋ ነው ተባለ፤ የፊልም ባለሙያዎችም ተቃውሞ አሰሙ። በክሶቹ ውስጥ እውነት የለም አልልም። የሚከነክነኝ ክሱ ሁልጊዜ ከውጭ በመጣ ልብ ወለድ ላይ መሆኑ ነው። ስለ ራሳችን ስክሪን ያን ያህል አልጮህንም።

በጦርነቱ ሁለት ዓመታት በሁሉም ወገን ያሉ ጣቢያዎች ከጠዋት እስከ ማታ ፉከራና ቀረርቶ አሰምተዋል፤ የተማረከ ሰው በካሜራ ፊት አቁመዋል፤ ድልን በሬሳ ቁጥር አውርተዋል። ያን ሁሉ ልጆች አብረው ተቀምጠው አይተዋል። የዕድሜ ምልክት አልነበረውም። መጋቢት 2014 መጀመሪያ ላይ በመተከል ሰው በሕይወቱ ሲቃጠል የሚያሳይ ቪዲዮ በማኅበራዊ ሚዲያ ተለቀቀ፤ መንግሥትም ድርጊቱ መፈጸሙን አምኖ አወገዘ። ያ ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ያለፈው ጌም በሚያልፍበት በዚያው መንገድ ነው። ይህን የፈጠረው የፕሮግራም ሠሪ አልነበረም። የሚቃጠለው ሰው የእውነት ነበር፤ በዙሪያው የቆሙት ሰዎች የእውነት ነበሩ፤ የሚስቀውም ድምፅ የእውነት ነበር። ልጅን ደም እንዳያስደነግጠው የሚያለማምድ ነገር የሚፈልግ ሰው ከዚህ ይጀምር።

ስለ ኃላፊነት ስንነጋገር ልናውቀው የሚገባ የራሳችን ጉዳይ በፍርድ ቤት አለ። ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ፤ የትግራይ ተወላጅ። በ2014 መጀመሪያ ፌስቡክ ላይ ስማቸው፣ ፎቶግራፋቸውና የሥራ ቦታቸው ከውንጀላ ጋር ወጣ። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ጽሑፎቹ እንዲነሡ ለኩባንያው ማመልከቱን በክሱ ገልጿል። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ፕሮፌሰሩ ቤታቸው ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው ከሌሎች ጋር ሆኖ ታኅሣሥ 2015 በናይሮቢ የፌስቡክ ባለቤት በሆነው በሜታ ኩባንያ ላይ ክስ መሠረተ፤ መጋቢት 25 ቀን 2017 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ አለ። ክሱ ገና ፍርድ አላገኘም። ነገር ግን ጥያቄው በትክክል ተቀምጧል፦ ማን ጻፈው፣ ማን አሰራጨው፣ ማን ከስርጭቱ አተረፈ፣ አስቁሙ ሲባል ማን ዝም አለ። በጌም ላይ የምንጽፈው ትችት እነዚህን አራት ጥያቄዎች አንድም ጊዜ ሲጠይቅ አላየሁም።

እኔ ልጠይቃቸው። ጌሙን የሠራው ኩባንያ ለአዋቂ ብሎ ሠርቷል፤ ነገር ግን ከልጆች ገንዘብ እንደሚገኝ ያውቃል፤ ጨዋታው እንዳይቋረጥ፣ ልጁ ተመልሶ እንዲመጣ፣ የመሣሪያውን ቀለም እንዲገዛ አድርጎ ነው የሚያዘጋጀው። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ2002 ወጣት ለመመልመል የራሱን የውጊያ ጌም አውጥቶ በነጻ ሲያድል ጨዋታ ብቻ ነው ያለው የለም። ስለዚህ ሠሪው ነጻ አይወጣም። ነገር ግን ዋጃ ሆኖ ሊደርስበት የሚችል የለም፤ ከእኛ ዘንድ የዕድሜ ምደባ አልተዘረጋም፤ ተቆጣጣሪም አልተሰየመም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰድ እርምጃ ሁሉ የልጁ ደኅንነት ቀዳሚ ይሁን ይላል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብት ስምምነትም በአንቀጽ 17 ልጅን ከሚጎዳ ይዘት የሚጠብቅ መመሪያ እንዲኖር ያሳስባል፤ በአንቀጽ 31 ደግሞ መጫወትን መብቱ ያደርገዋል። ሁለቱ አብረው መነበብ አለባቸው። ጨዋታውን የሚነጥቅ፣ ሌላ ጨዋታ የማያዘጋጅ መንግሥት ግማሹን ብቻ አነበበ።

ከኃላፊዎች ሁሉ ፊት የማስቀምጠው ግን የተዘጋውን ትምህርት ቤት ነው። በ2017 የትምህርት ዘመን በአማራ ክልል ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጪ ሆነዋል። በትምህርት ሰዓት ጥላ ሥር ስልክ ላይ የተደፋ ልጅ ስናይ ጌሙ ከትምህርት አስቀረው ለማለት እንቸኩላለን። ብዙ ጊዜ ግን ትምህርቱ ቀድሞ ነው የቀረው፤ ጌሙ ባዶ ቀን አግኝቶ ገባበት። በሌላ ወቅት ይህ ልጅ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ግሪሳ ከማሽላ ያባርር ነበር፤ ጠዋት ተምሮ ከሰዓት ከብት ያግድ ነበር፤ ቀኑ ሙሉ ነበር።

በልጅነታችን እኛም ከእንጨት ጠመንጃ ጠርበናል፤ በአገዳ ተታኩሰናል፤ ለቡሄ ጅራፍ ተገራርፈናል። በራያ መሣሪያ ጌጥም ክብርም ነው፤ በሠርግ ይተኮሳል፤ በለቅሶ ይተኮሳል። ይህን ሸፍኖ የውጭ ጌም ብቻ መክሰስ ለራስ መዋሸት ነው። የደም መመለስ ጣጣም ስልክ ሳይፈጠር ስንቱን ቤት ዘግቷል። ልዩነቱ ከመሣሪያው ጎን ሽማግሌ መኖሩ ነበር። በራያ ቆቦ ዘወልድ የሚባለው የሽምግልና ሥርዓት ደም ሲያደርቅ፣ ገዳይና የሟች ወገን ሲያስታርቅ የኖረ ነው። ልጅ ጠመንጃውን ሲያይ ጠመንጃው ያመጣውንም ያይ ነበር፤ የሚያለቅሰውን ቤት፣ ካሣውን፣ ዓመታት የሚወስደውን ዕርቅ። ስልኩ ላይ የሞተው ሰው ቤተሰብ የለውም፤ ሬሳው ከስክሪኑ ላይ ይጠፋል። ጌምን የምወቅሰው በዚህ ነው፤ ልጁን ገዳይ ስለሚያደርግ ሳይሆን ከግድያ በኋላ ያለውን ሁሉ ስለሚቆርጥበት። የተቆረጠውን መልሶ መቀጠል ደግሞ የትልቅ ሰው ሥራ ነው። አባት ልጁ አጠገብ ተቀምጦ ይሄ ሰው ማን ነው፣ ለምን ገደልከው፣ እናቱስ ብሎ ቢጠይቀው ካምስት የሬዲዮ ውይይት የበለጠ ይሠራል። ይህን ያደረገ አባት ጥቂት ነው፤ ብዙው ስልኩን ወይ ይሰጣል ወይ ይቀማል።

በቅርብ ያለውንም ጉዳት አንርሳ። በፕሌይስቴሽን ቤት በጨዋታ ቁጥር የሚከፈለው ብር ከየት እንደመጣ እናት ታውቃለች፤ ከቡና ሣጥኗ ጎድሏል። ውርርድ ሲጨመርበት ጨዋታው ቁማር ይሆናል። ልጁ የት ዋልክ ሲባል ትምህርት ቤት ይላል፤ ውሸት ይለምዳል። ይህ ሁሉ የሚታይ፣ የሚቆጠር፣ የሚከለከል ጉዳት ነው። የጋዜጣ ርዕስ ግን አይሆንም፤ ነፍሰ ገዳይ ትውልድ የሚለው ይበልጥ ይነበባል።

ስለ ጌም ቀጣዩን ዘገባ ለምትሠሩ የሙያ ባልደረቦቼ አንድ ልመና አለኝ። ከመጻፋችሁ በፊት የምትከሱትን ጨዋታ አንድ ከሰዓት ከልጆቹ ጋር ተቀምጣችሁ እዩ። ማን እንደጫነላቸው፣ በስንት ብር፣ ትምህርት ቤታቸው ክፍት ይሁን ዝግ ጠይቁ። በዚያው ስልክ ውስጥ ሌላ ምን ቪዲዮ እንዳለ ጠይቁ፤ ከእኛ ጣቢያ የወጣ ካለበትም ሳትደብቁ ጻፉት።

በዋጃ፣ በቆቦና በአላማጣ የጌም ቤትና የሞባይል ቤት ላላችሁ ወንድሞቼም ልናገር። ልጆቹን በስማቸው ታውቋቸዋላችሁ፤ የማን ልጅ እንደሆኑ፣ ስንተኛ ክፍል እንደደረሱ ታውቃላችሁ። ትምህርት በሚሰጥበት ሰዓት ተማሪ አታስገቡ። ለአሥር ዓመት ልጅ የአዋቂ ጨዋታ አትጫኑ። ለዚህ ከባሕር ዳርም ከአዲስ አበባም መመሪያ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በሩን የምትከፍቱት እናንተ ናችሁ።